በጨለማ የተሣለ ሥዕል ለማን ነው?

ግብጽ በተባለ ቁጥር የብዙዎቻችን ልብ በቀጥታ የሚሮጠው ወደ ፊርዐውን ነው። ቁርአን ታሪኩን ደጋግሞ ስለነገረን ይህ አያስገርምም። ነገር ግን ያ አገር የነገሥታት ብቻ አልነበረም። ድንጋይ የሚጠርብ፣ ዳቦ የሚጋግር፣ የእህል መዝገብ የሚይዝ፣ ከተማ የሚያስተዳድር ሰው ነበረበት። እነዚህም ኖረው ሞተዋል፤ ተቀብረዋል። ከመካከላቸው አቅሙ ያላቸው መቃብራቸውን በሥዕልና በጽሑፍ አስውበዋል። የዛሬው ጥያቄዬ የሚነሳው ከነዚሁ ንጉሥ ካልሆኑ ሰዎች መቃብር፣ በተለይም ሬሳው ራሱ ከሚያርፍበት የምድር ውስጥ ክፍል ነው። በሩ ተደፍኖ፣ መውረጃው በድንጋይና በአፈር ተሞልቶ፣ ሕያው ዐይን ዳግመኛ እንዳያየው በሚዘጋ ክፍል ግድግዳ ላይ ሥዕል መሣል ምን ማለት ነው? ለማንስ ነው የሚሣለው?

«ለታይታ ነዋ!» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም ይኸው መልስ አልዋጥልህ ስላለኝ ነው። ታይታ ተመልካች ይፈልጋልና።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። የጥንት ግብጻዊ ባለሀብት መቃብር ሁለት አካል ነበረው። አንደኛው ከላይ ያለው፣ ሰው ገብቶ የሚወጣበት የመታሰቢያ ክፍል ነው። ቤተሰብ ምግብና መጠጥ ያኖርበታል፤ የሟቹን ስም ይጠራበታል። እንዲያውም በአንዳንዱ ግድግዳ ላይ በዚያ የሚያልፍ ሕያው ሰው ሁሉ ለሟቹ ጥቂት ቃል እንዲናገርለት የሚማጸን ጽሑፍ ተቀርጾ ይገኛል። በመጻሕፍት የምናያቸው የአደን፣ የአጨዳና የግብዣ ሥዕሎች አብዛኞቹ ከዚህ የላይኛው ክፍል የተወሰዱ ናቸው። ሁለተኛው አካል ከታች ያለው የሬሳ ክፍል ነው። ይህኛው በረጅሙ የግብጽ ታሪክ ውስጥ በአመዛኙ ባዶ ግድግዳ ነበር።

ለዚህ ከ1400 ዓመት ገደማ ከዒሳ (ዐ.ሰ) ልደት በፊት የኖረው ኻ የተባለ የሥራ ኃላፊ ጥሩ ምሳሌ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የጣልያኑ ኤርኔስቶ ስኪያፓሬሊ ቡድን የዚህን ሰው መቃብር ሳይዘረፍ አገኘው። አልጋው፣ ልብሱ፣ ዳቦው፣ የሥራ መሣሪያው ሁሉ እንዳለ ወጥቶ ዛሬ በቱሪን ሙዚየም ይታያል። ከላይ የነበረው የመታሰቢያ ክፍሉ በሥዕል ያማረ ነው። ሬሳውና ሀብቱ ያረፈበት ክፍል ግድግዳ ግን ሥዕል የለበትም። ኻ ለሰው የሚታየውን አሳመረ፤ የማይታየውን በዕቃ ሞላ። ይህን ሰው ለመረዳት አንቸገርም። አስቸጋሪዎቹ ከታች የሣሉት ናቸው።

ከታች መሣል በባለሥልጣናት ዘንድ ጎልቶ የታየው በጥንታዊው መንግሥት መጨረሻ አካባቢ፣ ከ2300 ዓመት ገደማ ከልደት በፊት ነው። ሰቃራ በሚባለው ስፍራ የንጉሥ ቴቲ ከፍተኛ ሹማምንት የነበሩት መሬሩካ፣ ካገምኒና አንኽማሖር ተቀብረዋል። የመሬሩካ መቃብር የላይኛው ሕንጻ ብቻ ከ30 በላይ ክፍሎች አሉት፤ በውስጡም ሰውና እንስሳ፣ ዓሣና ወፍ ይርመሰመሱበታል። ወደ ሬሳው ክፍል ሲወረድ ግን ነገሩ ይለወጣል። የምግብ ክምር፣ ማሰሮ፣ የእህል ጎተራ፣ የሚቀርበው ነገር ዝርዝር ተሥሏል። ሰው የለም። ሕይወት ያለው እንስሳ የለም። ከዚህም አልፎ በዚያ ዘመን በአንዳንድ የሬሳ ክፍሎች የጽሑፉ ፊደላት ራሳቸው የሰውና የአውሬ ቅርጽ ስላላቸው ጸሐፊው ፊደሉን ቆርጦ ወይም አጉድሎ ጽፎታል። ጊዛ ውስጥ ካኤምአንኽ የተባለ ሹም የሬሳ ክፍሉን በሠራተኞችና በጀልባዎች ማስሣሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን እርሱ ከልማዱ የወጣ ነው።

ለምን ፈሩ? አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል የሚል እምነት ነበራቸው የሚል ነው። በተዘጋ ክፍል ከሬሳው ጋር የሚቀር አንበሳ ወይም እባብ ሟቹን ይጎዳዋል፤ ሰውም ቢሆን የቀረበለትን ምግብ ይሻማዋል። እኛ ሙስሊሞች ይህን ስንሰማ የሚታወሰን ሌላ ነገር አለ። ሕያው ፍጡርን የሚሥል ሰው በቂያማ ቀን የሣለውን ነፍስ እንዲዘራበት እንደሚጠየቅና እንደማይችል የሚያስጠነቅቀውን ሐዲስ የማያውቅ ጥቂት ነው። የሁለቱ አቋም የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነው። ግብጻዊው ሥዕል በሥርዓትና በቃል ኃይል ሕይወት ያገኛል ይላል፤ ሐዲሱ ደግሞ ሕይወት የአላህ ብቻ መሆኑን ይነግረናል። ሆኖም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁለቱም ሥዕልን እንደ ቀላል ነገር አያዩትም። ሥዕልን እንደ ተራ ነገር የምናየው እኛ፣ በየቀኑ በመቶ የሚቆጠር ምስል በዐይናችን ሥር የሚያልፈው የዘመኑ ሰዎች ነን።

ከዚያ ብዙ ዘመን አልፎ፣ በአዲሱ መንግሥት ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። የጤቤስ ከተማ ሹም የነበረው ሴንኔፈር የሬሳ ክፍሉን ከጣሪያ እስከ ወለል አስሣለ። ድንጋዩ ወጣ ገባ ስለነበረ ሠዓሊው ሳያስተካክለው የወይን ሐረግ አደረገው፤ እብጠቱ የተንዠረገገ ዘለላ መስሎ ይታያል። ሴንኔፈር ግን ሀብታም ሰው ነው። ይበልጥ የሚያነጋግረን በደይር አልመዲና መንደር የነበሩት ሠራተኞች ናቸው።

ደይር አልመዲና ከአባይ በስተምዕራብ፣ ከዛሬዋ ሉክሶር ከተማ ማዶ ያለ ነው። በነገሥታት ሸለቆ የነገሥታቱን መቃብር የሚፈለፍሉና የሚሥሉ ሠራተኞች ከነቤተሰባቸው የሚኖሩበት፣ በግንብ የታጠረና ወደ 70 የሚጠጋ ቤት ያለው መንደር ነበር። ደመወዛቸው እህል ነው። ተራው ሠራተኛ በወር አራት ጆንያ ስንዴና አንድ ጆንያ ተኩል ገብስ ይቀበል ነበር። በንጉሥ ራምሴስ ሦስተኛ 29ኛው የንግሥና ዓመት እህሉ ሲዘገይባቸው ሥራ አቁመው ተቃውሞ መውጣታቸው በፓፒረስ ተመዝግቦ ይገኛል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ቀን ለንጉሥ ሲሠሩ ኖረው በዕረፍት ጊዜያቸው ከመንደራቸው በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ለራሳቸው መቃብር ይፈለፍሉ ነበር። አንዱ ለሌላው የሬሳ ሣጥን ይሠራል፣ ይሥላል፤ ሒሳቡን በሸክላ ስባሪና በኖራ ድንጋይ ፍልጥ ላይ ይጽፋል። ከነዚህ ጽሑፎች እንደተሰላው ደህና የእንጨት ሣጥን ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ ያወጣ ነበር። በአሥራ ዘጠነኛው ሥርወ መንግሥት ጊዜ ከነበሩት ብዙዎቹ የሬሳ ክፍላቸውን የሣሉት በነጭ ላይ ቢጫን በማብዛት፣ በጥቂት ቀለም ብቻ ነው።

ከነዚህ አንዱ ሴንኔጄም ነው። በራምሴስ ሁለተኛ ዘመን የኖረ ሠራተኛ ነው። የኮረብታው አካባቢ ነዋሪዎች መቃብሩን ሳይነካ ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1886 ነበር። በትንሿ ክፍል ውስጥ የሴንኔጄም፣ የሚስቱ የኢኔፈርቲና የቤተ ዘመዳቸው፣ በጠቅላላው የ20 ሰዎች ሬሳ ተገኘ። ክፍሏ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ትሆናለች፤ ጣሪያዋ ቅስት ነው። ባዶ የቀረ ቦታ የለም ማለት ይቻላል። በአንደኛው ግድግዳ ላይ ባልና ሚስቱ በወዲያኛው ዓለም እርሻ ላይ ናቸው። እርሱ ያርሳል፤ እርሷ ከኋላው ትዘራለች። ስንዴው ቁመቱ ሰው ያህላል፤ ከሥር ውሃ ይፈሳል፤ ዛፉ ፍሬ ይዟል። ሁለቱም የለበሱት ንጹሕ ነጭ የበዓል ልብስ ነው። ገበሬ የሆነ ሰው በነጭ ልብስ እንደማይታረስ ያውቃል። ሴንኔጄምም ያውቅ ነበር። በዚያኛው ዓለም ግን ጭቃው አይነካካም ብሎ ተስፋ አድርጓል። (ያም ሆኖ አብረው የሚቀበሩ ትንንሽ ምስሎች ነበሯቸው፤ ሥራቸውም በዚያኛው ዓለም «ለሥራ ውጣ» የሚል ጥሪ ሲመጣ በሟቹ ፈንታ «አለሁ» ማለት ነው። ሠርቶ አዳሪው እንኳ ተተኪ አዘጋጅቶ መሄዱ ያስፈግጋል።)

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ሴንኔጄም ይህን ያሠራው ለሪያእ ነው ማለት እንችላለን? ቤተሰቡ ሌላ ሬሳ ይዞ ሲገባ ጥቂት ሰዎች በመብራት ያዩት እንደሆነ ነው እንጂ ክፍሉ ለእንግዳ የሚታይ አልነበረም። በሩ ታሽጎ ነበር። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚህ ረገድ ከሴንኔጄም ይልቅ የሚያስቸግረን የራሳችን ወገን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቀብር በኖራ እንዳይለሰንና በላዩ ላይ እንዳይገነባ መከልከላቸው በሐዲስ ተረጋግጧል። ነገር ግን በዚያው በግብጽ፣ በካይሮ ቀራፋ፣ የማምሉክ ሡልጣኖች የሠሯቸውን ባለጉልላት መቃብሮች የዓለም ሕዝብ ያደንቃቸዋል። ሡልጣን ቃይትባይ በ1470ዎቹ ያሠራው የመቃብርና የመስጊድ ሕንጻ በድንጋይ ቅርጹ ስመ ጥር ነው። ጌጡ ሁሉ ከላይ ነው፤ ለሕያዋን ነው። ከሥር ሟቹ ያረፈው እንደማንኛውም ሙስሊም በከፈኑ፣ ፊቱን ወደ ቂብላ አድርጎ ነው። ስለዚህ ታይታን ብቻ መለኪያ ካደረግን ከሡልጣኑ ይልቅ ድንጋይ ጠራቢው ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ ልንደርስ ነው። ይህ አንባቢን ሊያስቆጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ሸሪዓው ጌጡን የከለከለው ግን ለማንም ቢሆን ነውና ቁጣው ቢቀር ይሻላል።

እንግዲህ የሴንኔጄም ስህተት ታይታ ካልሆነ ምንድን ነው? መልሱን ከግድግዳው ላይ እናገኘዋለን ብዬ አምናለሁ። በነዚህ ክፍሎች ከሚሣሉት ነገሮች ዋነኛው ሟቹ በኦሲሪስ ፊት ለፍርድ መቅረቡ ነው። ልቡ በሚዛን ላይ ይቀመጣል፤ በሌላኛው ወገን የእውነትና የፍትሕ ምልክት የሆነችው የማአት ላባ አለች። ሟቹ በ42 ዳኞች ፊት ቆሞ አልሰረቅሁም፣ አልገደልሁም፣ ሚዛን አላጓደልሁም እያለ ይዘረዝራል። ይህን ስሰማ መጀመሪያ የተሰማኝ አክብሮት ነበር። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የነበረ ሠራተኛ ሚዛን ማጓደል በዚያኛው ዓለም እንደሚያስጠይቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሰው ያለ ሒሳብ እንደማይቀር ማመኑ ከብዙ የዘመናችን ምሁራን ያስበልጠዋል።

ነገር ግን እዚያው አጠገብ ሌላ ነገር አለ። ልቡ በፍርዱ ሰዓት ምስክር ሆኖ እንዳይነሳበት የሚለምን ድግምት አለ፤ ይህ ድግምት በጢንዚዛ ቅርጽ በተሠራ ድንጋይ ላይ ተጽፎ በሬሳው ደረት ላይ ይደረግ ነበር። ሱረቱ ያሲን አፍ በሚታተምበት ቀን እጅ እንደሚናገርና እግር እንደሚመሰክር ታስተምረናለች፤ ሱረቱ ፉሲለትም ቆዳ ሳይቀር እንደሚመሰክር ትነግረናለች። ግብጻዊው ይህን የፈራ ይመስላል። ልቡ እውነቱን እንደሚያውቅ ገብቶታል። ያገኘው መፍትሔ ግን ልብን ማጽዳት ሳይሆን ልብን ዝም ማሰኘት ነው። ከዚህም በላይ፣ በየሥዕሉ አጠገብ ከሟቹ ስም ቀጥሎ የሚጻፍ አንድ ቅጽል አለ፤ ትርጉሙም «ቃሉ እውነት የሆነ»፣ ማለትም በፍርዱ ነጻ የወጣ ማለት ነው። ይህ ቅጽል የሚጻፈው ሰውየው በሕይወት እያለ መቃብሩ በሚዘጋጅበት ጊዜ ሊሆን ይችላል። ችሎቱ ሳይሰየም ፍርዱ ተጽፎ አለቀ ማለት ነው!

የፓኔብ ጉዳይ ይህን ያጎላዋል። ፓኔብ ከ1200 ዓመት ገደማ ከልደት በፊት በዚያው መንደር የሠራተኞች አለቃ የነበረ ሰው ነው። የራሱ መቃብር በደይር አልመዲና ይገኛል፤ እርሱም በሥዕል ያጌጠ ነው። በሌላ በኩል በለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኝ አንድ ፓፒረስ አለ። አሜንናኽት የተባለ የመንደሩ ሰው በፓኔብ ላይ ያቀረበው የክስ ዝርዝር ነው። ሹመቱን በጉቦ አገኘ፣ ከንጉሥ ሴቲ ሁለተኛ መቃብር ሥራ ድንጋይ ሰርቆ ለራሱ መቃብር ተከለ፣ የመንግሥት ሠራተኞችን ለግል ሥራው አሰማራ ይለዋል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሜንናኽት ያ ሹመት ለእኔ ይገባ ነበር የሚል ሰው ነው፤ የያዝነውም የከሳሽን ወገን ቃል ብቻ ነው። የሁለተኛውን ወገን ሳይሰሙ መፍረድ በዲናችን አይፈቀድም። ስለዚህ ፓኔብ ሌባ ነው አልልም። የምለው ክሱ እውነት ቢሆንም ባይሆንም መቃብሩ የሚናገረው ያንኑ ነው። ሌባውም ጻድቁም የሚያሠሩት ሥዕል አንድ ዓይነት ነው። ሠዓሊው የሚጠይቀው ክፍያውን እንጂ ሚዛን አጓድለሃል ወይ ብሎ አይደለም። በገንዘብ የሚገኝ ምስክር ደግሞ ስንት ዓመት በጨለማ ቢቆም ምስክር አይሆንም።

ሶስት ነገሮች ሟቹን እንደሚከተሉት፣ ቤተሰብና ገንዘብ ተመልሰው ሥራው ብቻ አብሮት እንደሚቀር የሚያስተምረውን ሐዲስ እያንዳንዳችን በቀብር ላይ ሰምተነዋል። ሴንኔጄም ገንዘቡ እንዳይመለስ በግድግዳው ላይ ሊያስቀረው ሞከረ ማለት ይቻላል። የሥዕል እርሻው፣ የሥዕል ምግቡ፣ የሥዕል ፍርዱ ሁሉ ይህ ነው።

ይሁንና ይህ በእነርሱ ብቻ የቀረ አይምሰለን። የሞተብንን ሰው «መርሁም እገሌ» ብለን የመጥራት ልማድ አለን። ቃሉ በዐረብኛ «ምሕረት የተደረገለት» ማለት ነው። አንዳንድ ዑለማዎች ይህ ስለ ሩቁ ምስጢር የተቆረጠ ፍርድ እንዳይሆን ሰግተው «ረሒመሁላህ» ማለት ይሻላል ብለዋል፤ ይህኛው አላህ ይማረው የሚል ዱዓ ነውና። ሌሎች ደግሞ ተናጋሪው ቃሉን በተስፋ እስከተጠቀመበት ድረስ ችግር የለውም ይላሉ። ክርክሩ የቃል ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ ግን ከደይር አልመዲና ግድግዳ ጋር ሳስተያየው ጨዋታ አልመሰለኝም። «ቃሉ እውነት የሆነ» እና «ምሕረት የተደረገለት» ወንድማማች ቃላት ናቸው። በሁለቱም ተናጋሪው ሊለምን የሚገባውን ነገር እንዳለቀ አድርጎ ይናገረዋል። ሴንኔጄም ላይ ለመፍረድ የሚቸኩል ሰው በቅርቡ በተገኘበት ተዕዚያ ላይ ስለ ሟቹ የተባለውን ያስታውስ። በሕይወቱ የሠራተኛ ደመወዝ የበላ ሰው ሲሞት ደግ እንደነበረ የሚናገር አይጠፋም። ያም ሥዕል ነው፤ ቀለሙ ቃል ሆነ እንጂ።

አንድ ጉዳይ ይቀረኛል። እነዚህ ክፍሎች የተሠሩት እንዳይታዩ ነበር። ዛሬ ግን መብራት ገብቶላቸው ቱሪስት ቲኬት ቆርጦ ይገባባቸዋል። የሴንኔጄም ሣጥኖችና ዕቃዎች በካይሮና በኒው ዮርክ ጭምር ተበታትነዋል፤ የእንጨት በሩ በካይሮ ነው። ሙስሊም ሆኖ ይህን መጎብኘት ይገባል ወይ የሚሉ አሉ። ፈትዋ መስጠት የእኔ ሥራ አይደለም። ሐዲስ ውስጥ አላህ የቀጣቸው ሕዝቦች መኖሪያ ሲያጋጥም እያለቀሱ ካልሆነ እንዳይገባ መባሉን አውቃለሁ፤ እርሱ የተነገረው በሠሙዶች አገር በሒጅር ነው። የደይር አልመዲና ሠራተኞች ግን በመቅሠፍት የጠፉ አልነበሩም፤ እንደማንኛችንም ታመውና አርጅተው የሞቱ ናቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዳዊ አስከሬን ሲያልፍ ተነስተው መቆማቸውን፣ የአይሁዳዊ ነው ሲባሉም ነፍስ አይደለችምን ብለው መመለሳቸውን የሚያስታውስ ሰው እነዚህን አጥንቶች እንዴት ማየት እንዳለበት አይጠፋውም።

የባግዳዱ ሐኪም ዐብዱልለጢፍ አልባግዳዲ በ1200 አካባቢ ግብጽን ጎብኝቶ ያየውን ጽፏል። ሀብት ፍለጋ የጥንት ሕንጻዎችን የሚያፈርሱትን ሰዎች ክፉኛ ነቅፏቸዋል። በዚያ ዘመን ከመቃብር የወጣ የሬሳ መገነዣ ለልብስ እንደሚውል፣ ወረቀት ሠሪዎችም እየገዙ ለባለ ሱቅ ዕቃ መጠቅለያ የሚሆን ወረቀት እንደሚሠሩበት ይነግረናል። ሙስሊም የሆነ ሻጭ፣ ለሙስሊም ደንበኛ፣ በሟች ከፈን ቅመም ጠቅልሎ ይሰጥ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ይልቅ ቲኬቱ ይሻላል። ዐብዱልለጢፍ ራሱም ለማየት ገብቷል፤ በትልቁ ፒራሚድ ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ፍርሃት ይዞት፣ ሁለት ሦስተኛውን ያህል ከሄደ በኋላ ራሱን ሊስት ደርሶ ተመልሷል።